በመቀነት የታሰረች ሜሞሪ

ከጣርማ በር በኩል የተነሣው ጉም የሰሜን ሸዋዋን መዘዞ እንደ ሸፈነ ነበር። የገበያ ቀን ስለነበር የስልክ መጠገኛ ሱቄን በማለዳ ከፍቻለሁ። አንዲት እናት ገብተው ከሥራ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሙና ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው የመቀነታቸውን ጫፍ መፍታት ጀመሩ። ከቋጠሮው መጀመሪያ የታጠፈ ብር ወጣ፤ ቀጥሎ በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ጥቁር የስልክ ሜሞሪ።

«ልጄ፣ ይቺ ሞልታለች ብለውኛል» አሉ። «ትልቋን ስጠኝና እዚች ውስጥ ያለውን እንዳለ ገልብጥልኝ። ዓረብ አገር ያለችው ልጄ ድምፅም ፎቶም እዚች ላይ ነው።»

«ስልኩስ የታለ እማማ?»

«ስልኩማ ቤት ቀረ። የጎረቤት ልጅ ‹በጣም ተጨናንቋል፤ ሁሉን አጥፍቼ እንደ አዲስ ላድርግልዎት› ብሎ ይዞታል። ሜሞሪዋ እኔ ዘንድ ካለች ምን ይሆናል ብዬ ተውኩለት።»

የያዝኩትን ፒንሳ አስቀመጥኩ። «እማማ፣ አሁኑኑ ይደውሉለት። ስልኩን እንዳይነካው ይንገሩት» ብዬ የራሴን ስልክ ሰጠኋቸው። ቁጥሩን ከመታወቂያቸው ጋር ከነበረች ቁራጭ ወረቀት ላይ አነበብኩላቸው። ልጁ አነሣ። ስልኩን ሪሴት ለማድረግ ባትሪው እስኪሞላ እየጠበቀ ነበር።

ሜሞሪዋ በእኚህ እናት እጅ ነበረች፤ የሜሞሪዋ ቁልፍ ግን ስልኩ ውስጥ ነበር። ልጁ ሪሴት አድርጎት ቢሆን ኖሮ፣ በመቀነት ታስሮ የመጣው የልጃቸው ድምፅ ማንም ሊከፍተው የማይችል ቤት ውስጥ ተቆልፎ ይቀር ነበር። እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዞ ወደ ሱቄ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን የሚመጣው ካለፈ በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው ሳያልፍ እንዲያውቁት ነው።

ስልቻና ጎታ

መዘዞ ላይ ሜሞሪ ስንል በወጉ ማይክሮ ኤስዲ የሚባለውን ካርድ ማለታችን ነው። ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 11፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ሳንዲስክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ትራንስፍላሽ ብሎ አወጣው፤ በ2005 የኤስዲ ካርድ ማኅበር ማይክሮ ኤስዲ የሚለውን ስም ሰጠው። ወደ እኛ አገር ሲገባ ሜሞሪ ሆኖ ቀረ። ዘፈንና መዝሙር የምናስጭነው በእሱ ነበር። አንዱ ስልክ ላይ የተጫነውን ነቅሎ ሌላው ስልክ ላይ መስማት ሁላችንም የለመድነው ነገር ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

ሜሞሪ ሁለት ዓይነት አገባብ አለው። እኔ ለደንበኞቼ በስልቻና በጎታ እመስለዋለሁ። ስልቻ እህል ይዞ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ የትም ቢወስዱት አፉን ፈትቶ ማውጣት ይቻላል። ጎታ ግን ከጭቃና ከእበት ተሠርቶ ቤት ውስጥ የሚቆም ነው። ከበሩ ይሰፋል፤ ሳይፈርስ አይወጣም። እህሉን ወደ ሌላ ቤት ማሻገር የፈለገ ሰው በቅድሚያ ከጎታው ዘርግፎ በስልቻ ይሞላል እንጂ ጎታውን አይሸከምም።

ለረጅም ዘመን ሜሞሪ ስልቻ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አንድሮይድ 6.0 ግን አዲስ አሠራር አመጣ። አዲስ ሜሞሪ ሲገባ ስልኩ ይጠይቃል፤ እንደ ተንቀሳቃሽ ማስቀመጫ ልጠቀምበት ወይስ የራሴ የውስጥ ማስቀመጫ ላድርገው? በእንግሊዝኛው ፖርተብልና ኢንተርናል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ምርጫው በሁሉም ስልኮች ላይ አይመጣም፤ ባለበት ስልክ ላይ ግን የውስጥ ቦታው ትንሽ የሆነበት ሰው ኢንተርናል የሚለውን ደስ ብሎት ይጫናል። 8 ወይም 16 ጂቢ ብቻ ያለው ስልክ በአንድ ጊዜ ቤቱ ይሰፋለታል፤ አፑም ፎቶውም ቪዲዮውም ወደ ሜሞሪው ይሄዳል።

በዚያች ቅጽበት ስልቻው ጎታ ሆነ። ስልኩ ሜሞሪውን ደምስሶ በራሱ አሠራር እንደ አዲስ ያዘጋጀዋል፤ የሚጻፍበትንም ሁሉ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል። ቁልፉ የሚቀመጠው ስልኩ ውስጥ ነው። ሜሞሪው ላይ ቅጂ የለውም፤ ስልኩን የሠራው ድርጅትም ዘንድ የለም። ይህ የተደረገው ለክፋት አይደለም፤ የባንክ አፕና የግል መልእክት የያዘውን ሜሞሪ ሌባ ነቅሎ ወስዶ እንዳያነበው ነው። ይሁንና ያው ቁልፍ ባለቤቱንም ከሌባው አይለይም። ሜሞሪው ሌላ ስልክ ላይ ቢገባ ባዶ ይመስላል ወይም ተበላሽቷል ይባላል። ኮምፒውተር ላይ ቢገባ «ከመጠቀምዎ በፊት ፎርማት ያድርጉ» የሚል ጥያቄ ይመጣል።

አባቴ በውቂያ ላይ

ያ ጥያቄ ለእኔም መጥቶልኝ ያውቃል።

አባቴ ገብስ ሲወቃ በሬዎቹን በየስማቸው እያወደሰ የሚያዜመው ዜማ ነበረው። በሕይወቱ የመጨረሻ በሆነው የውቂያ ወቅት ከአውድማው ዳር ቆሜ በስልኬ ቀዳሁት። አራት ደቂቃ ያህል ነው። ከበስተኋላ የበሬዎቹ ኮቴ፣ የነፋሱ ሹክሹክታ፣ አንድ ጊዜም የእናቴ ሳቅ ይሰማል። አባቴ በቀጣዩ ዓመት አረፈ። ድምፁን በየጊዜው እሰማው ነበር፤ ሌላ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ግን አላሰብኩም። ሜሞሪ ውስጥ ያለ ነገር ተቀምጧል ብዬ አምን ነበርና።

ስልኬ ሲሞላ ሜሞሪውን ነቅዬ በካርድ ሪደር ኮምፒውተር ላይ ሰካሁት። ፎርማት ይደረግ ወይ ተባልኩ። ያን ጊዜ ሥራውን ገና እየተማርኩ ነበር፤ ኮምፒውተሩ እንዲያነበው የሚያስፈልግ ነገር መሰለኝና እሺን ተጫንኩ። እምቢ ብዬ ሜሞሪውን ወደ ስልኬ መልሼው ቢሆን ኖሮ ሁሉም በቦታው ይገኝ ነበር። ዜማው እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ለልጆቼ ግን ላሰማቸው አልችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። ከስልክ የወጣ ሜሞሪ ኮምፒውተር ላይ አልከፈት ካለ፣ ፎርማት የሚለውን ማንም ቢነግራችሁ አትጫኑ። ሜሞሪውን ይሠራበት ወደ ነበረው ስልክ መልሱት። ስልኩንም ሪሴት አታድርጉ። ሜሞሪው ሲወጣ ስልኩ ላይ የጠፋውን ሜሞሪ ስም እያሳየ «ፎርጌት» የሚል ምርጫ ያመጣል፤ እርሳው ማለት ነው። እሱን የተጫነ ሰው ቁልፉን በገዛ እጁ ይጥላል። ከዚያ በኋላ የሜሞሪው ባለሙያም የስልክ ባለሙያም አይመልሰውም።

የኦፓል ዘመድ

ቁልፉ ባይጠፋም ሜሞሪው ራሱ ሊሞት ይችላል። ሜሞሪ ለምን ይሞታል? የአካባቢያችን ሰው ይህን ለመረዳት ከማንም ይቀርባል፤ ምክንያቱም መዘዞ የኦፓል አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከዚህ አካባቢ የወጣው ኦፓል በዓለም የጌጥ ድንጋይ ገበያ ላይ የመዘዞን ስም አስጠርቷል። ክብ ክብ ሆኖ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ይገኛል፤ ሲሰበር እንደ ቡና የጠቆረ ወይም ቡናማ አካል ውስጥ ቀይና አረንጓዴ እሳት ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2008 ወሎ ደላንታ ውስጥ ወገል ጤና ላይ የተገኘው ኦፓል ገበያውን ቢወስደውም በር ከፋቹ የእኛው ነው። አንድ ችግር ግን ነበረበት፤ ከአፈር ወጥቶ ውሃው ሲደርቅ ብዙው ይሰነጠቃል። ትናንት እንደ እሳት ሲያበራ የነበረ ድንጋይ ከርሞ ሲያዩት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ሞልቶበታል።

ኦፓል ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ፣ በውስጡ ውሃ ያለበት ድንጋይ ነው። ሜሞሪም የዚያው ቤተሰብ ነው። በጥቁሯ ካርድ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዓይን የረቀቁ ክፍሎች አሉ። ፎቶ ስናስቀምጥ ስልኩ በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮኖችን ያስገባል። ኤሌክትሮኖቹ እንዳያመልጡ የሚያግዳቸው ስስ ሽፋን ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራ ነው። ኃይል ቢቋረጥም ታስረው ይቆያሉ፤ ሜሞሪ ያለ ባትሪ የሚያስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን የሜሞሪ ዓይነት የፈለሰፈው ፉጂዮ ማሱኦካ የተባለው ጃፓናዊ ሲሆን፣ ቶሺባ ውስጥ ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ1984 ለዓለም አቀረበው።

ስሱ ሽፋን ግን ያረጃል። በተጻፈበትና በተደመሰሰ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ በግድ ያልፉበታል፤ ባለፉበት ቁጥርም ይጎዳል። የዛሬ ርካሽ ሜሞሪዎች በአንዱ ክፍል ስምንት የተለያዩ የኤሌክትሮን መጠን ደረጃዎችን ለይተው እንዲይዙ ስለሚደረጉ፣ ጥቂት መፍሰስ እንኳ አንዱን ደረጃ ከሌላው ያደባልቀዋል። እንዲህ ያለ ክፍል ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺሕ ጊዜ ከተጻፈበት በኋላ ይደክማል። ዘፈን አንዴ ተጭኖበት የሚደመጥ ሜሞሪ ይህን ቁጥር ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። የውስጥ ማስቀመጫ የተደረገው ግን ቀንም ሌሊትም ይጻፍበታል፤ አፑ ሲከፈት፣ መልእክት ሲገባ፣ የማያስፈልግ ፋይል ሲከማችና ሲጠረግ። ጎታው ከስልቻው ቀድሞ የሚያረጀው በዚህ ምክንያት ነው። ሙቀትም እርጅናውን ያፋጥነዋል፤ ስልክን ምድጃ ዳር ማስቀመጥ በደጋችን ብርድ የተለመደ ስለሆነ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ።

የሚሞት ሜሞሪ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይናገራል። ያነሣችሁት ፎቶ ጋለሪ ላይ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ቪዲዮው መሃል ላይ ይቆማል። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አንዳንድ አፖች የሉም፤ እንደገና ሲበራ ይመለሳሉ። የሰረዛችሁት ፋይል በማግሥቱ ተመልሶ ይመጣል፤ ይህ ማለት ሜሞሪው መነበብ እንጂ መጻፍ አቁሟል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱን ያየ ሰው ነገ አይበል። ሜሞሪው ገና እየተነበበ ሳለ ማሻገር ቀላል ነው፤ ከሞተ በኋላ ግን በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈውን ማዳን እጅግ ይከብዳል።

የማሻገሪያው ቀን

እኚያ እናት በሚቀጥለው የገበያ ቀን ስልኩንም ሜሞሪዋንም ይዘው መጡ። ስልኩ 16 ጂቢ፣ ሜሞሪዋ 32 ጂቢ፣ በሜሞሪዋ ላይ ያለው ደግሞ 21 ጂቢ ያህል ነበር። የሠራሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ እቤታችሁም ልትሠሩት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ስልኩን አጥፍቼ ሜሞሪዋን በቦታዋ መለስኳትና አበራሁት። ደብዝዘው የነበሩት የአፖቹ ምልክቶች ተመለሱ፤ ጋለሪውም ሞላ። ቁልፍና ጎታ ተገናኙ።

ሁለተኛ፣ ስልኩን በኬብል ከኮምፒውተሬ ጋር አገናኘሁና ስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፍ የሚለውን መረጥኩ። ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ሜሞሪዋን ነቅላችሁ ብትሰኩ ኮምፒውተሩ ምንም አያነብም፤ በስልኩ በኩል ስትገቡ ግን ስልኩ ራሱ ቁልፉን እየተጠቀመ ፋይሉን ይሰጣችኋል። የካሜራ ፎቶ ዲሲአይኤም በሚለው ፎልደር ውስጥ ነው። ከዚያ የቴሌግራም፣ የዋትስአፕ፣ የዳውንሎድና የድምፅ ቅጂ ፎልደሮችን መፈለግ ነው። የድምፅ መልእክት ጋለሪ ላይ ስለማይታይ ብዙዎች ይረሱታል፤ ለእኚህ እናት ግን ዋናው እሱ ነበር።

ሦስተኛ፣ ኮፒ አደረግሁ፤ ከት አላደረግሁም። ልዩነቱ ያኔውኑ ታየ። ግማሽ እንኳ ሳይደርስ መብራት ጠፋና ኮምፒውተሬ ተዘጋ። እየቆረጥኩ የማዛውር ቢሆን ኖሮ የትኛው ተሻግሮ የትኛው መንገድ ላይ እንደ ቀረ ማወቅ ይቸግረኝ ነበር። ኮፒ ስለነበር ግን ዋናው በቦታው ነው። መብራቱ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እናቲቱ ገበያቸውን ሸምተው ተመልሰው ከበርጩማው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ።

አራተኛ፣ መሻገሩን አረጋገጥኩ። የፋይሉን ቁጥርና መጠን ከስልኩ ጋር አነጻጸርኩ፤ ቀጥሎ ኬብሉን ነቅዬ ስልኩን አጠፋሁትና ከኮምፒውተሩ ላይ አንዱን የድምፅ መልእክት ከፈትኩ። «እማዬ፣ ደርሻለሁ። ደኅና ነኝ፤ አታስቢ» አለ የልጅቷ ድምፅ። እናቲቱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የጠፋውን ስልክ አዩ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን አዩ። «ስልኩ ጠፍቶም ትናገራለች?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ስልኩን ማጥፋቴ ለዚህ ነበር፤ ድምፁ ከጎታው ወጥቶ በራሱ መቆሙን እንዲያዩት።

አምስተኛ፣ ወደ አፖቹ ሄድኩ። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ የሚለውን ከፍቶ፣ እያንዳንዱን አፕ መርጦ፣ ስቶሬጅ ከሚለው ሥር ለውጥ በሚለው ምርጫ ከሜሞሪው ወደ ስልኩ መመለስ ይቻላል። የማይጠቀሙባቸውን አጠፋን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቴሌግራም መደበኛ መልእክቱን በራሱ ሰርቨር ላይ ስለሚያስቀምጥ በቁጥራችሁ ተመልሳችሁ ስትገቡ ታገኙታላችሁ። ዋትስአፕ ግን ባክአፕ ካላደረጋችሁ አፑ ሲጠፋ መልእክቱም አብሮ ይጠፋል። ባክአፑን አድርጋችሁ ብቻ ንኩት።

ስድስተኛ፣ በሌላ ሜሞሪ ላይ ሁለተኛ ቅጂ ከተሠራ በኋላ ከባባድ ቪዲዮዎችን ከስልኩ ላይ ቀነስኩና፣ ስቶሬጅ በሚለው ገጽ ላይ የውስጥ ማስቀመጫውን ከፍቼ «ማይግሬት ዳታ» በሚለው የቀረውን ወደ ስልኩ አመጣሁ። ከዚህ በኋላ ነው ስልኩን አጥፍቼ አሮጌዋን ያወጣኋት። ፎርማት አላደረግኋትም፤ ፎርጌትም አልተጫንኩም። አዲሱ ሁሉ ለጥቂት ሳምንት በደንብ እስኪሠራ አሮጌዋ እንዳለች ትቀመጥ።

ሰባተኛ፣ አዲሷን አስገባሁ። ስልኩ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ ፖርተብል ወይስ ኢንተርናል? እኔ ፖርተብል መረጥኩላቸውና ያሻገርነውን ፋይል ከኮምፒውተሬ ገለበጥኩባት። የካሜራውን ሴቲንግ ከፍቼም ፎቶ ወደ ሜሞሪ እንዲቀመጥ አደረግሁ። አፖቹ ስልኩ ላይ፣ ትዝታው ሜሞሪው ላይ። አፕ የሚበዛበት፣ ቦታውም በጣም ጠባብ የሆነ ስልክ ያለው ሰው ኢንተርናል ቢያደርግ አልፈርድበትም። ያ ሰው ግን ፎቶውን በየወሩ በኬብል ማውጣትን ልማድ ያድርግ።

በመጨረሻም የእናቲቱን ፋይል ከኮምፒውተሬ ላይ እያዩ አጠፋሁት። የሰው ፎቶና ድምፅ አደራ ነው። የምታስገለብጡበት ቤት ይህን ካላደረገ እናንተ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አዲሱን ሲገዙ

አዲስ ሜሞሪ ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ። አንደኛው መጠኑን ነው። 32 ጂቢ የተባለው ስልክ ላይ 29 ቢል አትደንግጡ። አምራቹ በ1,000 እያባዛ ሲቆጥር ስልኩ ብዙ ጊዜ በ1,024 እያባዛ ይቆጥራል፤ 64ቱ ወደ 59፣ 128ቱ ወደ 119 ሆኖ ይታያል። ስልካችሁ እስከ ስንት እንደሚቀበልም አረጋግጡ። አሮጌ ስልኮች ውስጥ ከ32 በላይ የማይቀበሉ አሉ።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ካርዱ ላይ በክብ ውስጥ 10 ቁጥር ካለ በሴኮንድ ቢያንስ 10 ሜጋ ባይት በተከታታይ ይጽፋል ማለት ነው፤ ለፎቶና ለተራ ቪዲዮ ይበቃል። የውስጥ ማስቀመጫ ልታደርጉት ከሆነ ግን ኤ1 ወይም ኤ2 የሚል ምልክት ፈልጉ። አፕ የሚፈልገው ብዙ ጥቃቅን ነገር በአንዴ ማንበብና መጻፍ ነው። ኤ1 በሴኮንድ 1,500 ጊዜ ማንበብና 500 ጊዜ መጻፍ፣ ኤ2 ደግሞ 4,000 ጊዜ ማንበብና 2,000 ጊዜ መጻፍ እንዲችል ደንብ ወጥቶለታል። ይህ ምልክት የሌለው ሜሞሪ አፕ ሲጫንበት ስልኩን እንደ ደከመ በቅሎ ያንቀራፍፈዋል።

ሦስተኛው ሐሰተኛውን መለየት ነው። በአንድ ወቅት 512 ጂቢ የሚል ሜሞሪ በርካሽ አግኝቼ ከከተማ ገዝቼ መጣሁ። ስልክ ላይ ሲገባ በእርግጥ 512 ይላል። ውስጡ ግን ትንሽ ነበር፤ ቁጥሩን እንዲዋሽ ተደርጎ የተሠራ ነው። ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል። ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ለሽያጭ ሳላቀርበው ስለ ፈተሽኩት ማንንም አልጎዳሁም። አሁን ማንኛውንም ሜሞሪ ሳልፈትሽ አልሸጥም፤ እናንተም ሳትፈትሹ አትመኑ። አዲሱን ሜሞሪ በማያስፈልግ ቪዲዮ እስከ አፉ ሙሉት፤ መጀመሪያ የገባውንና መጨረሻ የገባውን ከፍታችሁ እስከ ጫፍ እዩ። ሁሉም ከተከፈተ ደምስሱና ሥራችሁን ጀምሩ። ጊዜ ይወስዳል፤ ያመኑትን ከማጣት ግን ይሻላል።

ሁለት ቦታ የሌለ የለም

ደንበኞቼ «ለምን ኢንተርኔት ላይ አናስቀምጠውም?» ይሉኛል። መልካም ነው፤ የሚችል ሰው ያስቀምጥ። ነገር ግን በእኛ በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በእነዚያ ወራት ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያስቀመጠ ሰው የልጁን ፎቶ ማየት አልቻለም፤ ሜሞሪ ላይ ብቻ ያስቀመጠውም ሜሞሪው ከሞተ የሚያወርድበት አልነበረውም። ያልተቸገረው በሁለቱም ያስቀመጠው ነው።

ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት ሊሆን አይገባም። የሸዋ አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት እስከ ዛሬ የቆዩት ብራና ስለማይጠፋ አይደለም። ብራና ይቃጠላል፣ አይጥ ይበላዋል፣ ጣራ ሲያፈስ ይበሰብሳል። የቆዩት ጸሐፊዎች እየገለበጡ ከደብር ወደ ደብር ስላሻገሯቸው ነው። በቅርቡ ዘመንም እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹ ከሸዋ ናቸው። ፊልሞቹ ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥም ተቀመጡ፤ የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያ ሆነው ለዓመታት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ መርምረው ዘረዘሯቸው። ዋናው ቢጠፋ እንኳ ቃሉ እንዲተርፍ የተደረገ ሥራ ነው። የእናት ስልክ ላይ ያለ የልጅ ድምፅም ለዚያ ቤት መጽሐፍ ነው። ቅጂ ይገባዋል።

እኚያ እናት በዚያ ቀን ሁለት ሜሞሪ ገዙ፤ 64ቷን ለስልኩ፣ ሌላ 32 ለቅጂ። የቅጂዋን ሜሞሪ ከመስጠቴ በፊት፣ ስልኩን ሊያሠራ ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ወጣት ስልኩን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ሜሞሪዋን እሱ ስልክ ላይ አስገባሁና ከፈትኩ። «እማዬ፣ ደርሻለሁ» አለ ድምፁ በማያውቁት ሰው ስልክ።

እናቲቱ ሜሞሪዋን ተቀበሉኝ። የመቀነታቸውን ጫፍ ፈትተው ከመታወቂያቸው ጋር በላስቲኩ ጠቀለሏት።

«ይቺስ የትም ትከፈታለች?»

«የትም ትከፈታለች እማማ።»

ቋጠሮውን ሁለት ጊዜ አጠበቁትና የሸመቱትን ይዘው ወጡ።